ሥራ ላይ ያልዋሉ ፋይሎች

ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ፤ አንድም ካርድ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው፤ ሌላ የምጎርርበት ነገር የለኝም። አንድ በሽተኛ ሁለት ካርድ ካወጣ፣ አንደኛው ላይ የተጻፈው መድኃኒት ሌላኛው ላይ አይኖርም፤ ሰው በዚህ ይሞታል። ስለዚህ የእኛ ክፍል ሕግ አጭር ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ፣ ለካርዱ ሁሉ አንድ ቤት፣ የተደገመ ከተገኘ እዚያው መቅደድ። ጡረታ ስወጣ ሕጉን እዚያው ትቼው መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ይዤው ቤት ገባሁ።

ቤት ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው። አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ አላገባም፤ ከመኝታ ክፍሉ ወደ ሳሎን ለመምጣት እንኳ ሸሚዙን ተኩሶ ስለሚለብስ ዘመድ ጎረቤቱ "ሙሽራው" ይለዋል። ሥራው ሙዚቃ ማቀናበር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ዘፈን ሲያሳምር ኖረ። ሐኪሙ፣ "ሁለቱም ጆሮህ እየከዳህ ነው፤ ቢበዛ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት" ያለው ዕለት ቤት መጣና ኮቱን ሰቀለ።

"እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሰው ሥራ አልቀበልም። የራሴን እሠራለሁ" አለኝ።

"ስንት ዘፈን?"

"አሥራ አንድ።"

"ለምን አሥር አይሆንም? ሞላ ያለ ነው።"

"አሥራ አንድ ናቸዋ።"

እናት ስንት ልጅ አለሽ ስትባል እንደምትመልሰው ነው የመለሰልኝ።

የሚሠራው ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር። የእናታችንን ቁም ሳጥን በሩን ነቅሎ ሳጥኑን ከስፒከሩ ፊት ለፊት አቁሞታል፤ ኮቶቿ የሚያስተጋባውን ድምፅ ይውጣሉ አለኝ። እውነትም ይውጣሉ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ስናገር የራሴ ድምፅ ያጥርብኝ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የጉድ ነበር። አንዱን ዘፈን ሰባት ቦታ ሴቭ አድርጎታል፤ ስሞቹን ባያችሁ! "ቅዳሜ"፣ "ቅዳሜ እውነተኛው"፣ "ይሄኛው"፣ "ይሄኛው አይደለም"። እንደ እሱ ያለ ሸሚዝ ተኳሽ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ምን እንደሚነካው እግዜር ይወቅ።

"አንተ፣ ይሄን ነገር መልክ ላስይዝልህ?" አልኩት አንድ ቀን።

ደስ አለው። "አስይዢልኝ" አለ። "ጆሮዬ በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ደህና የሚሰማኝ። ከዚያ በኋላ ይጮሃል። ሦስቱን ሰዓት ፋይል ስፈልግ አላጠፋውም።"

እንዲህ አድርጌ ነው መዝገብ ያዥ የሆንኩት። ለማያውቅ ላስረዳ። አንድ ዘፈን ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ አንድ ነገር አይደለም። ፕሮጀክት የሚሉት ፋይል ትንሽ ናት፤ ውስጧ ድምፅ የለም። "ጊታሩ ከዚህ ይግባ፣ ከበሮው እዚህ ላይ ይቀንስ" የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው ያላት። ድምፆቹ ራሳቸው፣ ጊታሩም ሳክስፎኑም፣ ለብቻቸው ሌላ ቦታ ይቀመጣሉ። እኔ እንደገባኝ ፕሮጀክቷ ካርድ ናት፣ ድምፆቹ ደግሞ በሽተኞቹ። የአሥራ አንዱንም ዘፈን ድምፆች ከየተበተኑበት ለቅሜ አንድ ፎልደር ውስጥ አስገባኋቸው፤ ስሙን "ጓዳ" አልኩት። የተደገመውን አጠፋሁ። ሁሉንም ስምና ቁጥር ሰጠሁት። ሌላ ዲስክ ደግሞ ጎኑ ሰካሁና፣ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ዲስኩ ልክ ኮምፒውተሩን እንዲመስል አዘዝኩት። ባክአፕ ማለት ይሄ ነው። ሲያልቅ አንጀቴ ራሰ። ካርድ ክፍሌን መልሼ ያገኘሁ መሰለኝ።

ዘፈኖቹን ወደ ውጭ አውጥቶ ለሰው የማሰማት ነገር አይታሰብም። "ቢያንስ ለእኔ በስልኬ ስጠኝ" ብዬው ነበር። "ያላለቀ ከሰጠሁሽ ጆሮሽ ስህተቱን ይለምደዋል" አለኝ። ግትር ነው፤ በአባታችን ወጥቶ ነው። ተጫዋቾቹ እንኳ መጥተው የየራሳቸውን ተጫውተው ይሄዳሉ እንጂ ሙሉውን አልሰሙም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም በሩ አጠገብ ተቀምጬ የሸሚዙን ቁልፍ ስተክልለት።

አሥረኛው ሲያልቅ ዓመት ከአምስት ወር ሆኖ ነበር። አሥሩ ሲያምሩ! ስለ ሙዚቃ አላውቅም፤ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። በሕይወቱ ሙሉ አፉን ሞልቶ ያልተናገረውን ነው እዚያ ውስጥ ያስቀመጠው፤ አንድ ቃል የለበትም፣ ሁሉም ገብቶኛል። አሥራ አንደኛው ላይ ግን ችግር መጣ። ቀጫጭኑ ድምፅ አልሰማው ሲል ከፍ ያደርገዋል፤ ነገም አይሰማውም፣ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ለእሱ የለሰለሰው ለእኔ ጥርስ ያፋጫል። አልነገርኩትም። "እንዴት ነው?" ሲለኝ "ጥሩ ነው" እላለሁ። የሚቀረው አንድ ቀረጻ ነበር፤ ከዚያ አሥራ አንዱንም አውጥቶ፣ አስተካክሎ፣ በቃኝ ሊል ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ "እትዬ፣ ቦታ የለም እያለኝ ነው። ሞልቷል መሰለኝ" አለና ወደ ሐኪሙ ቀጠሮ ሄደ።

እኔ ቁጭ አልኩ። የተከፈተው አሥራ አንደኛው ዘፈን ነበር። ፕሮግራሙን ስጎረጉር አንድ ትእዛዝ አገኘሁ፤ ሥራ ላይ ያልዋሉ ፋይሎችን አጥፋ የሚል። ጫንኩት። ፈልጎ ፈልጎ ሲያበቃ፣ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል ሥራ ላይ አልዋለም፣ ለዘለቄታው ይጥፋ ወይ አለኝ። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ! ለዓመት ከምናምን የተጠራቀመ ሳል፣ የተበላሸ ሙከራ፣ "አይ እንደገና" የተባለበት ሁሉ ነው ብዬ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ቆሻሻ መጣል እወዳለሁ። አዎ አልኩት።

ፕሮግራሙ አልዋሸኝም። እሱ የሚያውቀው የተከፈተለትን ዘፈን ብቻ ነው። አሥራ አንደኛው የማይጠቀምበት ሁሉ ለእሱ ትርፍ ነው። የሌሎቹ የአሥሩ ድምፅ አጠገቡ፣ እኔ አንድ ላይ ባጨቅኩበት ጓዳ ውስጥ ነበር። ወንድሜ እንደ ልማዱ በየቦታው በትኖት ቢሆን ኖሮ ምንም አይነካውም ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ባክአፑ ተነሳ፤ ኮምፒውተሩን እንዲመስል ነው የታዘዘው፣ ከኮምፒውተሩ የጠፋውን ከራሱም አጠፋ። እኔ በዚያ ሰዓት ምሳዬን እየበላሁ ነበር። በልቼም ጋደም አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ተመልሶ ገባ። አራተኛውን ዘፈን ከፈተ፤ ከቀጠሮ ሲመለስ ሁልጊዜ እሱን ነው የሚከፍተው። በበሩ በኩል አየዋለሁ። ተጫወት የሚለውን ጫነ። ቆመ። እንደገና ጫነ። ለመስማት የሚረዳውን መሣሪያ ከጆሮው አወጣ፣ ባትሪውን ቀየረ፣ መልሶ ከተተ፣ ጫነ። መሣሪያውን ወደ ሌላኛው ጆሮ አዛወረው። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ በላብ ተጣብቋል።

"እትዬ" አለኝ ሳይዞር። "እስቲ ነይ። ይሰማሻል?"

ገባሁ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይሄዳል። ምንም ድምፅ የለም።

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። "ምንም አይሰማኝም።"

"እንኳንም!" አለ፣ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ሳቀ። "እኔ እኮ ጆሮዬ ጭልጥ ያለ መስሎኝ።"

ያችን ሳቅ መቼም አልረሳትም። ወሽመጤ ብጥስ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከእሱ ቀድሜ ስክሪኑን አንብቤዋለሁ። ፋይሉ አልተገኘም፣ ፋይሉ አልተገኘም፣ ፋይሉ አልተገኘም፤ አርባ አንድ መስመር። ሦስተኛውን ከፈተ። ስድስተኛውን ከፈተ። ዲስኩን ከፈተ። ምን አድርጌ እንደነበር ነገርኩት፤ ሁለቴ ነው የነገርኩት፣ መጀመሪያ አልሰማኝም።

"አሥሩም?" አለ።

"አሥሩም።"

አልጮኸም። ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ፣ እቃ ቢወረውር ምን ነበረበት። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ቤቱን አፈርሰው ነበር። ተነስቶ ካውያውን ሰካና ንጹሑን ሸሚዝ ሁሉ፣ የተተኮሰውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ እንደገና ተኮሰ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ እሱ ስላልሰማኝ እንደ ልቤ አለቀስኩ።

በማግስቱ ዲስኩን ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ከሕክምና መሣሪያ መደብር ጎን ያለች ጠባብ ሱቅ ናት፤ ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ነው። "ከጠፋ በኋላ ምንም አልጻፋችሁበትም? ጎበዞች። ጊዜ ስጡኝ" አለን። ሐኪሙ ለወንድሜ ጆሮ የሰጠው ጊዜ እያለቀ መሆኑን ነገርኩት። ከንፈሩን መጠጠ። የሚቻለውን አደርጋለሁ አለ፤ ያደረገም ይመስለኛል። ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ።

በሰባተኛው ሳምንት ወንድሜ ጠዋት ተነስቶ ቧንቧ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ወደ እኔ ዞረና "በቃ" አለ። ድምፁ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁልጊዜ እንደዚያው ነው የሚያወራው፤ እኔ ስመልስለት ከንፈሬን ያነባል፣ ካልገባው እጽፍለታለሁ።

በዘጠነኛው ሳምንት ጠጋኙ ስልክ ደወለ። ብቻዬን ሄድኩ። "ከግማሽ በላይ አውጥቻለሁ፤ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ፋይል" አለኝ እየሳቀ። ከዚያ አሳየኝ። ስም የላቸውም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። ብዙዎቹ መሃል ላይ የተቆረጡ ናቸው።

"ድምፁ ይመለሳል፣ ስሙ ግን አይመለስም" አለኝ። "ዘፈኖቹ ደግሞ በስም ነው የሚፈልጉት። ግን አታስቢ። የሠራው ሰው ቁጭ ብሎ ቢሰማ የቱ የቱ እንደሆነ ወዲያው ይለያቸዋል። ማነው የሠራው?"

"ወንድሜ ነው።"

"በቃ፣ እሱ ይስማው።"

ያን ዕለት ጠጋኙን በደንብ ሰደብኩት። ምን አጠፋ? ምንም። መነጽሩን አውርዶ አየኝ፤ ስድቤን ስጨርስ ዲስኩን በካኪ ፖስታ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ቤዝ ተጫዋቹ ሊጠይቀን መጣ። የሙሽራው የልጅነት ጓደኛ ነው፣ ወፍራም፣ ደግ። ወረቀት ላይ ጻፈለት፤ "ሁላችንም እንደገና እንጫወትልሃለን። ጠርቻቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል።" ወንድሜ አንብቦ ወረቀቱን አጠፈው።

"ማን ይሰማችኋል?" አለው።

ሰውየው ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ የትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ አስተማሪዋ "አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" ያለችኝ ሴት ነኝ፤ ምን ልርዳው? የተረፈንን አሥራ አንደኛውን ልናሰማው ከፈትንለት። ጥቂት ሰምቶ ፊቱ ተጨማደደ፤ ወንድሜ ሲያየው ቶሎ ብሎ አውራ ጣቱን አሳየ። "እሱስ አለን" አለ ወንድሜ። ቤዝ ተጫዋቹ በር ድረስ ስሸኘው፣ "ይሄን ለሰው እንዳታሰሙበት" አለኝ ቀስ ብሎ። ከአሥራ አንዱ የተረፈው ያ ነው፤ የጆሮው ሕመም የተቀረጸበት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ወንድሜ የምሥራች ይዞ መጣ። ድምፅ ኮምፒውተር ላይ መልክ አለው፤ ሲጮህ የሚያብጥ፣ ሲቀንስ የሚከሳ ምስል ሆኖ ይታያል። ሌት ከቀን ሲያየው ስለኖረ በቅርፁ አውቀዋለሁ አለ። "ያንቺን የእጅ ጽሑፍ እንደማውቀው ነው። ከአራተኛው እንጀምር። አንዱን ካቆምኩት ሌሎቹ ይከተላሉ።" ዓይኑ ላይ ያየሁትን ነገር ካየሁ ቆይቼ ነበር። እምቢ ማለት የት አባቴ አውቄ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ዋልን። እሱ አንዱን ይከፍታል፣ ቅርፁን ያያል፣ "ይሄ የአራተኛው ነው" ይላል፣ ያስቀምጠዋል። እኔ ሰምቼ "ሳክስፎን"፣ "ጊታር"፣ "ከበሮ" እያልኩ አረጋግጥለታለሁ። በቀን መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። ቁርጥራጩ እንቅልፌ ውስጥ ሁሉ ይገባ ጀመር። ገና በሦስተኛው ቀን ጠርጥሬያለሁ። ሳክስፎን መሆኑን አውቃለሁ፤ የአራተኛው ዘፈን ሳክስፎን መሆኑን ግን እኔ በምን ልወቅ? እሱ እንደዚያ እርግጠኛ ሆኖ፣ ዘፈኖቹን ያጠፋሁት እኔ በየትኛው አፌ "ኧረ ተጠራጠር" ልበለው?

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ "አለቀ" አለ። አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። አንድ እጁን ስፒከሩ ላይ ዘርግቶ አስቀመጠ፤ ንዝረቱ ይሰማዋል። ዓይኑን በሩ አጠገብ መርፌና ሸሚዝ ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ላይ አደረገ። ጫነው።

አልሆነም። ከበሮው ይሮጣል፣ ጊታሩ ከኋላ ይጎተታል። ቤዙ የሌላ ዘፈን ነው። ሳክስፎኑ ሲገባ ከምንም ጋር ሳይገናኝ፣ ገበያ መሃል እንደጠፋ ሰው ዞሮ ዞሮ መሃል ላይ ተቆረጠ። እኔ ፈገግ አልኩ። ራሴን ነቀነቅኩ፣ ልክ ነው እንደማለት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እስከ መጨረሻው ነቀነቅኩ።

መስመሩ ቆመ። እሱ እጁን ከስፒከሩ አነሳ።

"እትዬ" አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብሎ። "አራተኛው ላይ ሳክስፎኑ ሲገባ መርፌሽን ታስቀምጪ ነበር። ሁልጊዜ። አንቺ አይታወቅሽም። እኔ ግን በሱ ነው ዘፈኑን የጨረስኩት፤ ካስቀመጥሽ ደህና ነው እላለሁ፣ ካላስቀመጥሽ መልሼ እነካካዋለሁ። አሁን አንዴም አላቆምሽም።"

እጄን አየሁት። መርፌው ጣቴ ላይ ነው፣ ቁልፉ ተተክሎ አልቋል፣ እኔ በላዩ ላይ እየሰፋሁ ነው።

"እሱ አይደለም" አልኩት፤ ከንፈሬን አየ። "አይደለም። ምንም አይመስልም።"

"እሺ" አለ። "ቅርፁን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ሲመሽ ሲመሽ ግን እየገመትኩ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ጭንቅላቴም ውስጥ የለም እትዬ። መጀመሪያ ጆሮዬ ሲዘጋ ሁሉም ውስጤ ይጫወት ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በፊት አራተኛውን ፈለግኩት፣ አጣሁት። ከኔ ሌላ የሰማው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። እንዴት ነበር የሚሄደው?"

"እኔ መዝፈን አልችልም፤ አንተም አትሰማኝም።"

"አትዝፈኚ። በእጅሽ አሳዪኝ። ወደ ላይ ሲወጣ እጅሽን አንሺ፣ ሲወርድ አውርጂ። የሳክስፎኑን መግቢያ ብቻ። እሱን ካገኘሁ ይበቃኛል።"

መርፌዬን አስቀመጥኩ። ተነሳሁ። እጄን አነሳሁና ዓይኔን ጨፍኜ አራተኛውን ዘፈን ፈለግኩት፤ ያንን ዓመት ሙሉ በር አጠገብ ተቀምጬ የሰማሁትን። የመጣልኝ አሁን የሰማሁት ነው። የሚሮጠው ከበሮ፣ የተቆረጠው ሳክስፎን፣ ሁለት ሳምንት በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ የጨመርኩት ቁርጥራጭ። እሱን ገፍቼ ከሥሩ ያለውን ልፈልግ አልኩ። ከሥሩ ምንም የለም። አሥሩም የሉም።

ዓይኔን ገለጥኩ። እጄ አየር ላይ እንደተነሳ ነው። ወንድሜም የኔን ለመከተል የራሱን እጅ ከፊቱ አንስቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ጣቶቼን እያየ ይጠብቅ ነበር።